በዳዊት ማኅደር የደበቅነው ክኒን

አማቴ ክኒናቸውን የሚያስቀምጡት በሟች ባላቸው የዳዊት መጽሐፍ ማኅደር ውስጥ ነበር። ማኅደሩ ከቆዳ የተሰፋ ነው፤ በማንገቻው ከምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ደፍሮ እጁን የማይሰድበት ቦታ ስለሆነ እዚያ አደረጉት። ትንሿን ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልለው ከመጽሐፉ ጀርባ ሸጉጠዋታል። ማታ ማታ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ አንዲት ክኒን አውጥተው በውኃ ይውጣሉ። ይህን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እሳቸው፣ ባለቤቴና እኔ። እንዲያ ይመስለን ነበር።

የስልሳዎቹ መግቢያ ነው። ከቡሬ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነበር የምንኖረው። አማቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን ብርቱ ናቸው፤ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ጎመናቸውን ራሳቸው ይኮተኩታሉ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ከበቅሎ ወድቀው ራሳቸውን ተመትተው ነበር። ቁስሉ ሽሮ ከተረሳ በኋላ አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ በቁማቸው ወደቁና ተንፈራገጡ፤ አረፋ ደፈቁ። ባለቤቴ ክብሪት ጭሮ ጢሱን በአፍንጫቸው ሥር ያዘላቸው። በአገራችን የሚደረገው እንዲያ ነው። በሳምንቱ ደገማቸው።

ፍኖተ ሰላም ወስደን ለሐኪም አሳየናቸው። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ መሆኑን ነግሮን ክኒኗን አዘዘ። በየቀኑ አንዲት፣ ሳይቋረጥ አለ። እውነትም ክኒኗን ከያዙ ወዲህ መውደቁ ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጥቅምት፣ ክኒኑ አልቆ ሌላ ሳናመጣ ጥቂት ቀን ቢያልፍ፣ በጠራራ ፀሐይ ደጃፋችን ላይ ወደቁ። ባለቤቴ ክብሪቱን ይዞ ሮጠ። ማንም አላየንም ብለን እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ለምን እንደደበቅን ልናገር። በኛ አገር የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አረፋው የነካው ይያዛል ይባል ነበር። አማቴ ደግሞ የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው። ወር በገባ በሃያ አንድ በተራ በተራ በየቤቱ ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ከዚያ ጽዋው ይዞራል። አንድ ጽዋ ነው። አንዷ ጠጥታ ለሌላዋ ታቀብላለች። አማቴ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ከዚያ ጽዋ ጠጥተዋል። እኔን ለብቻዬ ወስደው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይህ ነገር ከተሰማ አያባርሩኝም። ደግ ሰዎች ናቸው። ለብቻዬ በዋንጫ ይሰጡኛል። እሱን ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ።»

እሺ አልኋቸው።

በዚያ ክረምት፣ በሐምሌ ማርያም፣ ጽዋው ለኛ ቤት ደረሰ። በሚመጣው ወር ደጋሾቹ እኛ ነን ማለት ነው። አማቴ ጽዋውን ተቀብለው በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ከማኅደሩ ሥር ካለው መደብ ላይ አኖሩት። በማግሥቱ ትኩሳት ያዛቸው። ብርድ ነው ተባለ፤ ፌጦ ጠጡ፤ አልተዋቸውም። ሳምንት ሳይሞላው ሆዳቸው ተነፋ፣ ከንፈራቸው ደረቀ። በበቅሎ ደግፈን ቡሬ ክሊኒክ አደረስናቸው።

የክሊኒኩ አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ። ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ ምላሳቸውን አየ፣ ትኩሳታቸውን ለካ። «የአንጀት ተስቦ ይመስላል» አለ። ብዕሩን አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እናታችን ሌላ ሕመም አለባቸው? የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

አጠገባችን ካለው አግዳሚ ላይ የማኅበሩ መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንላቸው ሴት ጎረቤታችን፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው ተቀምጠዋል። በማኅበሩ ከአማቴ ቀጥሎ የሚጠጡት እሳቸው ናቸው። ወደ እኔ እያዩ ነበር። አማቴ በትኩሳት ደክመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«የለም» አልሁ።

«ምንም?»

«ምንም የለባቸውም።»

ጻፈ። ካፕሱል በቀን አራት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት፤ ትኩሳቱ ቢለቅ እንኳ ሳያቋርጡ ብሎ አስጠንቅቆ ሰጠኝ። በመንገድ ላይ ልቤ አልወቀሰኝም ብል እዋሻለሁ። ግን ክኒኑ ለራስ ነው፣ ካፕሱሉ ለሆድ ነው፤ ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ራሴን አስተኛሁት።

ካፕሱሉ ሠራ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ፤ አጥሚት ጠጡ። ማታ ማታ ያችን ክኒናቸውንም እኔው ከማኅደሩ እያወጣሁ እሰጣቸዋለሁ። ፍልሰታ ገብቷል። ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ «ካላስቀደስሁ አልድንም» ብለው ተነሡ። ደግፌአቸው ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ እግራቸው ተሳከረ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይላሉ። ከአጥሩ ሥር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ፣

«እማማ፣ በጾሙ ጠላ ከየት አገኙ? ለኛም ይንገሩን» አለች።

ሴቶቹ ሣቁ። አማቴ ሊመልሱላት ፈለጉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያችን ሴት አፏን ያሲዟት ነበር። አሁን ግን ምላሳቸው ተኮላተፈ፤ ያሉት አልተሰማም። ያኔ ሣቁ ቆመ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ ሆነ። ሲያጎርሷቸው አፋቸው ውስጥ እህል ይዘው ይተኛሉ። ስጠራቸው «እ» ይላሉና ተመልሰው ይሰምጣሉ። ትኩሳት የለም። ሆዳቸው ጎድሏል። ተስቦው ለቋቸው ሳለ እሳቸው እየሄዱ ነበር። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ የየራሱን ይናገራል። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፤ አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል። ባለቤቴ በነሐሴ አምስት ጠዋት የክኒኑንም የካፕሱሉንም ብልቃጥ አንሥቶ፣

«ይህን ሁሉ ገደል እጥለዋለሁ። እናቴን ጠበል እወስዳለሁ» አለ።

«ክኒኑ ሲያልቅ በጥቅምት የሆኑትን ረሳኸው?» አልሁት።

«አሁንስ ምን ሆነዋል? ከዚህ የባሰ አለ?»

ቢሆንም ብልቃጦቹን አስቀመጠ። ወጥቶ የነፍስ አባታችንን ጠራቸው።

አባ መጡ። ጸሎት አደረሱላቸው፤ በመስቀላቸው ዳሰሷቸው። ሲወጡ እስከ አጥሩ ሸኘኋቸው። ዝናቡ ቆም ብሎ ነበር። ከጭቃው ላይ ተንበረከክሁና ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ክኒኑን፣ ማኅደሩን፣ ድሬሰሩ የጠየቀኝን፣ የመለስሁለትን። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«የዋሸሽው ለማን ነው?»

«ለድሬሰሩ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያስ እውነቱን የምትመልሺውም ለሱ ነው። እኔ ልፈታሽ እችላለሁ፤ የሳቸውን እንቅልፍ ግን አላውቅበትም።»

«ስግደት አይሰጡኝም?»

«ጭቃው ይበቃሻል። ቡሬ ድረስ በእግርሽ ሂጂ። ሁለቱንም ብልቃጥ ይዘሽ ሂጂ። አሁን።»

ሄድሁ። መንገዱ ሁሉ ውኃ ነበር። ድሬሰሩ ሁለቱን ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሳኖርለት ትንሿን አነሣና ጽሑፉን አነበበ። ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ይህን ከጀመሩ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ እህቴ።»

«ጠይቀውኛል። ዋሽቻለሁ። ይፍቱኝ ልል አልመጣሁም፤ ያድኗቸው።»

ወንበሩን ሳበ፤ እንድቀመጥ ነገረኝ። ካፕሱሉ ይህችን ክኒን ከሰውነት ቶሎ እንዳትወጣ እንደሚይዛት፣ በሸመገለ ሰው ላይ ደግሞ እንደሚብስ አንድ ሐኪም ነግሮት ያውቃል። አማቴ በየማታው የሚውጡት አንዲት ክኒን ነው፤ በሰውነታቸው ውስጥ ግን የትላንቱ ሳይወጣ የዛሬው እየተጨመረበት ነው። እንቅልፉም፣ መንገዳገዱም፣ ምላሳቸው መያዙም ከዚያ ነው። ባለቤቴ ሁለቱንም ሊጥል እንደነበር ብነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ካፕሱሉ ቢቋረጥ ተስቦው ይመለሳል። ክኒኑ ጨርሶ ቢቀር ይወድቃሉ፤ በዚህ አቅማቸው ከወደቁ አይነሡም። ክኒኑን ዛሬ ማታ ብቻ እለፉት። ካፕሱሉን ነቅተው መዋጥ ሲችሉ ስጧቸው እንጂ ተኝተው በአፋቸው አታድርጉ። ነገ በጠዋት ፍኖተ ሰላም አድርሷቸው። መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።»

ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። የጻፈውን አነበብሁት። የቄስ ልጅ ነኝና አባቴ ፊደል አስቆጥሮኛል። ከሁሉ በላይ ጎላ አድርጎ የጻፈው ያንን የደበቅሁትን ክኒን ስም ነበር።

በማግሥቱ የመንደሩ ወንዶች አማቴን በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አወጡልን። ጭቃው እስከ ባታቸው ይውጣቸዋል። ሲለዋወጡ አንዱ፣ «እማማ ቀላል ናቸው፤ የከበደን ዝናቡ ነው» አለ። የጭነት መኪና አገኘን። ማንኩሳን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንገባ ቀትር ሆኖ ነበር። በመንገድ ላይ ጭንቅላታቸውን በጭኔ ይዤ ድንግልን የለመንኋት አንድ ነገር ነው፤ እኚህ ሴት በኔ «የለም» እንዳይሞቱ።

ሐኪሙ ያው የመጀመሪያው ነበር፤ የውጭ አገር ሰው። አማርኛ ይሞክራል፤ ትልቁንም ትንሹንም ግን አንድ አድርጎ ነው የሚያናግረው። ወረቀቱን አነበበ፤ የአማቴን ዓይን በመብራት አየ፤ እጃቸውን አንሥቶ ሲለቀው ወደቀ። ከዚያ በአስተርጓሚ ነገረኝ። አስተርጓሚው የደምበጫ ሰው ነበር፤ ሐኪሙ ያለውን በኛ ቋንቋ አመጣልኝ።

«ጉበትን ወፍጮ ነው በይው። ወፍጮው አንድ ነው። ክኒኑ በየቀኑ ይመጣል፣ ተፈጭቶ ይሄዳል። አሁን ካፕሱሉ ገብቶ ወፍጮውን ያዘበት። ክኒኑ ሳይፈጭ ደጅ ላይ ተከመረ። የአሮጊት ወፍጮ ደግሞ ድሮም ቀስ ይላል።»

«ታዲያ ወፍጮው ይለቀቃል?» አልሁት።

ተረጎመለት። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ይለቀቃል፣ ግን ቀን ይፈጃል አለኝ።

እዚያ አስተኟቸው። ክኒኑን ለጥቂት ቀን አቆዩት፤ በየሰዓቱ እየመጡ ያዩአቸው ነበር። ካፕሱሉን ነቃ ሲሉ እንሰጣለን። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለና፣

«አንቺ፣ ዓይንሽን ክፈቺ። እኔ ማነኝ?» አላቸው።

አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄ ማነው አንቺ የሚለኝ?» አሉ።

ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። አስተርጓሚው ሣቁን መያዝ አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። ሐኪሙ ምን አሉ ቢለው፣ «ድነዋል ነው የሚሉት» አለው። እኔ መሬቱን ሳምሁ።

ስንወጣ ሐኪሙ ክኒኑን በግማሽ ቀነሰው፤ ካፕሱሉ አልቆ ሳምንት እስኪያልፍ በቀን ግማሽ፣ ከዚያ ወደ ሙሉው እንዲመለስ። ከእንግዲህ ማንም ሐኪም፣ ለጥርስም ይሁን ለእግር፣ መድኃኒት ሊሰጣቸው ሲል ብልቃጡን አስቀድሜ እንዳሳይ አስማለኝ። ማልሁ። እስከ መጨረሻቸውም ጠበቅሁት።

በመንገድ ላይ አማቴ ሁሉንም አስነገሩኝ። የሆነውን አንዱንም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ማንኩሳ ስንደርስ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣

«በኔ ምክንያት ነው የዋሸሽው» አሉ።

«አፉ የኔ ነው፣ እማማ።»

«ሃያ አንድ መቼ ነው?»

ነገርኋቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

ነሐሴ ሃያ አንድ ማኅበሩ በኛ ቤት ተሰበሰበ። ጾሙ ተፈትቷል። አማቴ ገና ደካማ ናቸው፤ ነጭ ለብሰው ከምሰሶው ሥር ተደግፈው ተቀመጡ። ማኅደሩ ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሏል። አባ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባረኩ። ጽዋው ከወዲያ ጫፍ ተነሥቶ መዞር ጀመረ። አማቴ ጋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው እጃቸውን አነሡ።

«ጽዋው ሳይደርሰኝ የምናገረው አለኝ» አሉ። «የሚጥል በሽታ አለብኝ። ሁለት ዓመቴ ነው። ክኒን እውጣለሁ፤ እዚህ ማኅደር ውስጥ ደብቄው ነበር። እናንተን ደብቄ ከናንተ ጋር ጠጥቻለሁ። ይቺ ምራቴም ስለኔ ብላ ለድሬሰሩ ዋሽታ ልትቀብረኝ ትንሽ ነበር የቀራት። ከእንግዲህ አልደብቅም። ለብቻሽ ጠጪ ካላችሁኝም ዋንጫው ያውላችሁ።»

ዋንጫውን አስቀድመው ከአጠገባቸው አኑረውት ኖሯል። እኔም አላየሁትም ነበር።

አባ መቋሚያቸውን ያያሉ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ምንም ሳትናገር ወጣች። ማንም አልመለሳት። ያኔ ሙሴዋ፣ ከአማቴ ቀጥለው የተቀመጡት፣ ወደ አማቴ ዞሩ።

«ባለፈው ጥቅምት በዚህ ደጃፍ ሳልፍ ክብሪት ሸተተኝ» አሉ። «ቀን ነው። በአጥሩ ብመለከት ወድቀሻል። ልጅሽ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከራስሽ በላይ ተንበርክኳል። ተመለስሁ።»

«አየሽኝ?»

«አየሁሽ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ዝም አልሽ አይደል? ስትነግሪኝ ትንገሪኝ ብዬ ጠበቅሁሽ። ከዚያ ወዲህ ካንቺ ቀጥዬ ስንት ጊዜ ጠጣሁ? እስቲ ቁጠሪው። ደግሞ ከኔ የሚቀጥሉትም አልወደቁም።»

ቀጥለው የሚጠጡት ሴት፣ «እኔ በራሴ ጊዜ ነው የምወድቀው፤ ጉልበቴ ነው» አሉ። ሰው ሣቀ።

ሙሴዋ ግን አልሣቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ክሊኒኩ ውስጥ የለም ስትዪ ሰምቼሻለሁ። እኔን አፍረሽ ነው ብዬ አወቅሁ። ስወጣ ትነግረዋለች ብዬ ዓይኔን ሳልታከም ወጣሁልሽ። ገብቼ እኔው ልነግረው ይገባ ነበር። ያንቺ ኃጢአት እኔንም ይነካኛል፤ አባ እዚህ ተቀምጠዋል።»

አባ ቀና ብለው፣ «ለሁላችሁም ጭቃው አላለቀም» አሉ።

ጽዋው አማቴ ጋ ደረሰ። ገና አቅም አልነበራቸውምና ከሥሩ ያዝሁላቸው። ጠጡ። ሙሴዋ ተቀበሉ፤ አፉን ሳይጠርጉ፣ አማቴ በጠጡበት በኩል ጠጡና ለሚቀጥሉት አቀበሉ። ጽዋው እንደ ሁልጊዜው ዞረ። የወጣችው ሴት ወደ ኅዳር ግድም ተመለሰች። ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ግን ጠጣች።

አማቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ብልቃጧን ከማኅደሩ አውጥቼ በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኋት፤ የገባ ሁሉ ያያታል። አመሻሽ ላይ ሙሴዋ ከአጥራቸው ማዶ ይጣራሉ።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥሁ» ይላሉ አማቴ። አንዳንዴ ሳይውጡ «ዋጥሁ» ይላሉ። ያኔ እኔ ከውስጥ፣ «አልዋጡም» ብዬ እመልሳለሁ።